የላሜራው ጭስ ማውጫ ጥሩ ነው፤ ባሕር ዛፉ ግን አብሮ ይታይ

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ብየዳ ቤቶች የሚሠራው ክብ የላሜራ ጭስ ማውጫ ለማድ ቤት የሚገዛ ዕቃ ነው። ብየዳው ካልተዘለለና ከቆቡ ሥር በቂ ክፍተት ካለው ጭሱን በደንብ ይስባል። ሳይከፍሉ በፊት ቱቦውን ወደ ፀሐይ አዙረው በውስጡ ይመልከቱ። በብየዳው መስመር ብርሃን ከታየ ይመልሱት፤ ፍንጣሪም በዚያው ይወጣል።

ጉድለቱ ቁመቱ ላይ ነው። ላሜራው 2 ሜትር ስለሆነ ቱቦውም 2 ሜትር ሆኖ ይሸጣል፤ ከምድጃው ተነሥቶ ቆርቆሮውን ሲያልፍ የሚተርፈው ከክንድ አይበልጥም። ጣሪያውን ከበሳበት ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር መውጣት፣ በ3 ሜትር ዙሪያው ካለው ጣሪያ ሁሉ ደግሞ በ60 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። ስለዚህ መቀጠያውን አብረው ይዘዙ። ሲገጠም የላይኛው ቱቦ ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ ይግባ፤ ከተገለበጠ የጥቀርሻው ውሃ በውጭ በኩል ይንጠባጠባል።

ከሁሉ የሚያሳስበን ዛፉ ነው። ገጣሚው ጣሪያውን በስቶ ይሄዳል እንጂ ቀና ብሎ አያይም። ቅርንጫፍ ከቱቦው አፍ በየአቅጣጫው ቢያንስ 3 ሜትር፣ ቢቻል 4 ሜትር ተኩል ይራቅ፤ በላዩ ያጎነበሰ ደግሞ ጨርሶ ይመልመል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው። ልጣጩም እየተቀረፈ እንደ ጨርቅ ቅዳጅ ደርቆ ይንጠለጠላል፤ በበጋ ንፋስ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ከጣሪያው የረዘመ ዛፍ ንፋሱን ወደ ቱቦው አፍ ሲመልሰው ጭሱ ተመልሶ ቤት ይሞላል፤ ሰው ግን ምድጃውን ይወቅሳል። ጉቶው ያቆጠቁጣልና በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ርቀቱ እንደገና ይለካ።

ቆቡ ያለ ሽቦ ወንፊት መሸጡ ትልቅ ጥፋት ነው። ቀዳዳው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ያስበይዱ። የጠበበው በጥቀርሻ ይደፈናል፣ የሰፋው ፍንጣሪ ያሳልፋል። በቱቦው ውስጥ ጥቀርሻው 3 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ይጠረግ፤ እርጥብ እንጨት በሚነድበት ቤት ይህ ቶሎ ይመጣል።

ቱቦው ባለ አንድ ግድግዳ ነው፣ ማለትም ሙቀቱን የሚያግድ ሁለተኛ ሽፋን የለውም፤ ከወራጅና ከማገር 45 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ለሣር ክዳን ቤት ግን በምንም መልኩ አንመክረውም።