አሮጌ መጻሕፍት በደሴ ፒያሳ
ደሴ ፒያሳ አካባቢ ከሚገኝ የአሮጌ መጻሕፍት መደብር የገዛሁት የኤዝራ ፓውንድ የግጥም መጽሐፍ «ፒሳን ካንቶስ» ጥራዙ ቢላላም ገጹ ያልጎደለ፣ ዋጋውም ተመጣጣኝ ነው። አሜሪካዊው ገጣሚ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሮም ሬዲዮ ለሙሶሊኒ ወግኖ በመናገሩ በአገር ክህደት ተከስሶ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሳለ፣ ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1949 የቦሊንገን የግጥም ሽልማትን ሲያገኝ፣ ሃያስያን ግጥሙ በኪነ ጥበቡ ብቻ ይመዘን በሚሉና ፀረ አይሁድነቱን በሚያወግዙ ወገኖች ተከፈሉ። የሙሶሊኒ አውሮፕላኖች በኅዳር 1928 ዓ.ም. ቦምብ ላዘነቡባት ደሴ ክርክሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ፓውንድ በእስር ሳለ ስለ ጉንዳንና ስለ ተርብ የጻፋቸው ስንኞች እጅግ ያምራሉ፤ እኔ ግን ሽልማቱን ባልሰጠሁት ነበር። ባለመደብሩ ቆሞ ማንበብን አይከለክሉም፤ የግጥም መጻሕፍቱ ግን ከመማሪያ መጻሕፍት ጋር ስለተደባለቁ ለብቻ ሊደረደሩ ይገባል።