የሚበራ ጫማችሁ ከተበላሸ ከመጣላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ የምጽፈው አንድ አባትና ልጅን ለማመስገን ነው። አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጫማ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ቴክኒክና ሙያ ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ተምራለች። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ፣ ሁለት ሰው እንደምንም የምትይዝ ሱቅ አለቻቸው። በአንዱ ጎን ወስፌ፣ ክርና ማስቲሽ አለ። በሌላው ጎን ቴስተር፣ መበየጃና የተፈታታ ፓወር ባንክ።

የሚበራ ጫማ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ጫማ ሰፊ ጋ ስትወስዱት ሽቦውን አይቶ «ይሄ የኤሌክትሪክ ነው፣ እኔ አልነካውም» ይላል። ሞባይል ጥገና ቤት ስትወስዱት ደግሞ ሶሉን አይቶ «መጀመሪያ ጫማ ሰፊ ይክፈተው» ይላል። እንዲህ እየተባለ ስንት ጫማ ቆሻሻ ውስጥ ገብቷል። እነዚህ አባትና ልጅ ሁለቱንም ሙያ አንድ ጠረጴዛ ላይ አገናኝተዋል። እኔ በከተማችን እንዲህ የሚሠራ ሌላ ቤት አላጋጠመኝም።

የእኔ ጫማ የናይክ ማግ ኮፒ ነው። ለማታውቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው «ባክ ቱ ዘ ፊውቸር» ፊልም ክፍል ሁለት ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወደ 2015 ሄዶ የሚያደርገው ግራጫ ጫማ ነው። ሶሉ ያበራል፣ ማሰሪያውም ራሱን ያጠብቃል። ናይክ በ2011 እውነተኛውን ሠርቶ 1,500 ጥንድ ብቻ በጨረታ ሸጠ። ገንዘቡ የገባው የፊልሙ ተዋናይ ማይክል ጄ. ፎክስ ለፓርኪንሰን በሽታ ምርምር ላቋቋመው ድርጅት ነው። ማሰሪያው በእውነት ራሱን የሚያስረው ደግሞ በ2016 ወጣ፤ 89 ጥንድ ብቻ። ስለዚህ እንደኔ ያለው ሰው የሚያገኘው ኮፒውን ነው። እኔም ከዱባይ ያስመጣሁት ኮፒውን ነው፤ አላፍርበትም። በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ያየሁት ጫማ እግሬ ላይ ሲበራ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው።

ይህ ጫማ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ሞተ። የቀኙ ጭራሽ አይበራም። የግራው ስረግጥ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሶሉም መሰንጠቅ ጀመረ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ ስንጥቁ ላይ ሱፐር ግሉ አፈሰሱበት። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ጫማ ደግሞ ጣት ላይ መታጠፍ አለበት። በማግስቱ እዚያው ላይ ተሰበረ። ሁለተኛው ቤት «ኮፒ ነው፣ ምን ያደክምሃል፣ ጣለው» አሉኝ። ይህችን ነገር አልወደድኳትም። ኮፒም ቢሆን ገንዘብ ወጥቶበታል፣ የሰው እጅም ሠርቶታል።

አባትየው ጫማውን እንደተቀበሉኝ ሶሉን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ጣታቸው ሰርጎ ገባ። «ልጄ፣ ይሄ የተበላው በመደረግ አይደለም፤ በመቀመጥ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የብዙ ስኒከሮች መካከለኛ ሶል የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ስፖንጅ ነው። ይህን ስፖንጅ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ይበላዋል። አንድም ቀን ሳይደረግ፣ ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ፣ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል። ውድ ኦሪጅናሎችም ከዚህ አያመልጡም።

ስለዚህ አልለጠፉትም። አዲስ ሶል ሠሩለት። የነጠላ ጫማ መሥሪያ የሆነውን ኢቪኤ የሚባለውን ወፍራም ስፖንጅ ገዝተው፣ ደራርበው አጣብቀው፣ በቢላ ቀረጹት። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። ኢቪኤ ብዙ ሲረገጥ ይተኛል እንጂ እንደዚያኛው በእርጥበት አይፈረፈርም። ሽቦው የሚሄድበትን ቦይም በውስጡ ቆፈሩለት። ሲቀርጹ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። የግራውን ከቀኙ ጋር እያጋጠሙ፣ እያነሱ፣ ከብርሃን ጋር እያስተያዩ ነው የሠሩት። ማንም የማያየውን የውስጥ ጎን ሳይቀር አስተካክለውታል።

የመብራቱ ነገር የልጅየው ሥራ ነበር። ቴስተሯን ይዛ ሽቦውን ጫፍ ለጫፍ ስትለካ የተበጠሰበትን ቦታ ቶሎ አገኘችው። ልክ ጣት የሚታጠፍበት ላይ ነው። ፋብሪካው አንድ ወጥ ደረቅ ሽቦ ቀጥ አድርጎ ዘርግቶበታል። እንዲህ ያለ ሽቦ እየታጠፈ እየተቃና ሲኖር መበጠሱ አይቀርም። እሷ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ለስላሳ ሽቦ ተጠቀመች። መታጠፊያው ላይ ደግሞ እባብ አስመስላ አዙራ ዘረጋችው፣ እግር ሲታጠፍ ትርፍ እንዲኖረው።

ከዚያ ቀጥሎ ያሳየችኝ ነገር አስገረመኝ። አምፖሎቹ ከባትሪው ጋር የተገናኙት ያለ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገድብ ትንሽ ዕቃ ሳይኖር ነው። ባትሪው ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ኤልኢዲ የሚባለው እንዲህ ያለ ትንሽ ነጭ አምፖል የሚፈልገው ወደ 3 ቮልት ገደማ ነው። ሬዚስተር ከሌለ ከሚችሉት በላይ ኤሌክትሪክ ይገባባቸውና አንድ በአንድ ይቃጠላሉ። የተቃጠሉትን ቀይራ ለሁሉም ሬዚስተር አስገባችላቸው። «ድሮ ከነበረው ትንሽ ይቀንሳል፤ ግን ይቆይልዎታል» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር መቀነሱን ዓይኔ አላወቀውም።

የሶሉ ጠርዝ ላይ የነበረው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኖ ተሰባብሮ ነበር። ምትኩ ገበያ ላይ የለም። ከምን ሠሩት መሰላችሁ? ከነጭ ጀሪካን! የሀይላንድ ጠርሙስ ሞክረው ነበር፤ ግን እሱ በጣም ጥርት ያለ ስለሆነ እያንዳንዱ አምፖል ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይታያል። የጀሪካኑ ፕላስቲክ ወተት መሳይ ስለሆነ ብርሃኑን ይበትነዋል። ሶሉ ዙሪያውን አንድ ወጥ ሆኖ ያበራል። ከገዛሁት ጊዜ ይልቅ አሁን ፊልሙ ላይ ያለውን ይመስላል።

አንድ ችግር ነበረው። የጀሪካን ፕላስቲክ ማስቲሽ አይቀበልም። ቢለጠፍም ይላጣል። አባትየው ይህን አስቀድመው ያውቁታል። ጠርዙን በወስፌ በስተው ዙሪያውን በናይለን ክር ሰፉት። ስፌቱ ከሩቅ የፋብሪካ ጌጥ ነው የሚመስለው። ይህ የሁለቱም ሙያ ባይኖር የማይሆን ነገር ነው። ብርሃኑን የምታውቀው ልጅ ፕላስቲኩን መረጠች፤ ስፌቱን የሚያውቁት አባት ቦታው ላይ አጸኑት።

ባትሪውን በተመለከተ ግን ጠበቅ ያለች ናት፤ በዚህ በጣም አከበርኳት። የድሮው ባትሪ አብጦ ነበር። «ቻርጅ አድርገን እንየው?» ስላት በፍጹም አለች። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይጫንም፣ አይወጋም፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አውጥታ አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው። ከአሮጌ ስልክ የወጣ ባትሪ ይዛችሁ ብትሄዱም ሳትለካ አታስገባም። ለእኔ ከመጠን በላይ ቻርጅ እንዳይሆን የሚከላከል ሰርኪት ያለው አዲስ ባትሪ ነው ያስገባችው። ቦታውንም ቀየረችው። ድሮ ተረከዝ ስር ነበር፣ በየእርምጃው የሰው ክብደት የሚያርፍበት ቦታ። አሁን ቁርጭምጭሚት አጠገብ አባትየው በሰፉት ትንሽ ኪስ ውስጥ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ከጫማው ይወጣል። መሰኪያውም የትም የማይገኝ ክብ ነገር ነበር፤ አሁን ታይፕ ሲ ነው፣ በስልኬ ገመድ ይሠራል።

እዚያ እያለሁ አንዲት እናት ሲረገጥ ብልጭ ብልጭ የሚል የሕፃን ጫማ ይዛ መጣች። ይህ ዓይነቱ ጫማ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ኤልኤ ጊር የተባለ ድርጅት ካወጣው በኋላ ነው የገነነው። የመጀመሪያዎቹ ማብሪያቸው ውስጥ ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ፈሳሽ ብረት ነበረበት። በኋላ ቀርቶ በትንሽ ስፕሪንግ ተተካ። ልጁ ሲረግጥ ስፕሪንጉ ይንቀጠቀጥና ሽቦውን ይነካል፣ መብራቱ ይበራል። ባትሪው ግን እንዳይቀየር ሆኖ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጓል። ሲያልቅ ጫማው ሞተ ማለት ነው።

ልጅየው ከፍታ ቀየረችላት። መልሳ ስትዘጋው ግን በማስቲሽ ብቻ አልተወችውም፤ ክዳን ሠርታ በብሎን አጠበቀችው። ለምን እንደሆነ ለእናትየዋ ስታስረዳ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ክብ ትንሽ ባትሪ ሕፃን ከዋጠው ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እስኪወጣ አትጠብቁ፣ ወዲያውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። ወላጆች ይህን ያዙልኝ። ለእናትየዋ የድሮውንም ባትሪ አልመለሰችላትም፣ ራሷ አስቀረችው።

ሁሉንም ነገር እናደርጋለን አይሉም። ውሃ አያስገባም ብለው አይዋሹም። በክረምት ጭቃ ላይ እንዳላደርገው ነግረውኛል። የግራጫውን ቀለምም ልክ እንደነበረው ማግኘት አልቻሉም፤ አዲሱ ሶል ትንሽ ይጠቁራል። ዋጋውን ከፍተው ካዩ በኋላ ነገሩኝ፣ በነገሩኝ ጨረሱ። አዲስ ኮፒ ላስመጣ ብል ከማወጣው ግማሹን አልሞላም። ልጅየው ማሰሪያውን የሚያጠብቅ ትንሽ ሞተር ልትሞክርበት ፈልጋ ነበር። አባትየው ሳቅ ብለው «አንቺ፣ መጀመሪያ የሰውየውን ጫማ ስጪው» አሏት። እኔ ግን በሚቀጥለው እንድትሞክርበት ፈቅጃለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ አንዱ ብቻ ቢበላሽም ሁለቱንም እግር ይዛችሁ ሂዱ። የብርሃኑ መጠን እኩል እንዲሆን ጎን ለጎን ማየት አለባት። የድሮው ቻርጀር ካለ ውሰዱላት። ባትሪው ያበጠ ከመሰላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ቻርጅ አታድርጉት። እሑድ ዝግ ናቸው። አታጣድፏቸው፤ ማስቲሹ በደንብ ሳይደርቅ ጫማ አይሰጡም። ስማቸውንና ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ሱቋ ድረስ እንዴት እንደሚኬድ እነግራችኋለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ አይንጠፍ። እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጫማዬ ሁለቱም እግሮቹ ይበራሉ።