አዳሪ የስልጠና ካምፕ ወይስ ተመላላሽ ልምምድ፦ ለታዳጊ ሯጭ የቱ ይሻላል?

ወጪ፦ ተመላላሹ ይቀላል። አዳሪው ምግብና መኝታ ይጠይቃል። ወጪውን ስፖንሰር ሲሸፍን ደግሞ ብዙ ወላጅ ጥያቄ ማንሳት ያፍራል፤ እባካችሁ አትፈሩ፣ ጠይቁ።

አመቺነት፦ እንደ በቆጂ ባሉ የአርሲ ከተሞች ዙሪያ ከገጠር ለሚመጣ ልጅ አዳሪው ይሻላል።

አደጋ፦ የተመላላሹ አደጋ መንገድ ላይ ነው፤ ሳይነጋ ብቻውን የሚወጣ ልጅ ለመኪናም ለክፉ ሰውም ይጋለጣል። በቡድን መሄድ ይህን በእጅጉ ያቃልላል።

የአዳሪው አደጋ ከግቢው ውስጥ ነው፤ እኔን የሚያስጨንቀኝም ይኸኛው ነው። ለውድድር ማን እንደሚመረጥም ምግቡንም የሚወስነው አሰልጣኙ ከሆነ፣ የተበደለች ልጅ ለማን ትናገራለች? ስለዚህ ከአሰልጣኙ ውጭ የሆነ ቅሬታ ተቀባይ፣ ለሴቶች መኝታ ሴት ኃላፊ፣ ታዳጊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው የሚያድሩበት ክፍል፣ ያለ ተመልካች የማይደረግ ማሳጅ፣ ወደ ቤት የሚደወልበት ስልክ የግድ ናቸው። ዱላ «ዲሲፕሊን» አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆችን በሚያሳድጉ ተቋማት የአካል ቅጣትን ይከለክላል።

ቤቱ ቅርብ ለሆነ፣ በተለይ ትምህርት ላይ ላለ ልጅ፦ ተመላላሽ። ቤቱ ለራቀና ካምፑ እነዚህን ለሚያሟላለት፦ አዳሪ። ወላጅ ያለ ቀጠሮ መጥቶ እንዳይጎበኝ የሚከለክል ካምፕ ግን ለማንም አይሆንም።