የሽያጭ ጋለሪ ወይስ ዞማ?

አዲስ አበባ ውስጥ ለሥዕል ወዳጅ ሁለት ዓይነት በር አለ። አንዱ የሽያጭ ጋለሪ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ሠዓሊዎቻችንን ከዓለም ገበያ ጋር ያገናኛል፤ ለንደንም ገብቷል። ሠዓሊም በልቶ ማደር አለበትና ይህን ማቃለል ነውር ነው።

መካኒሳ ያለው ዞማ ሙዚየም ግን ሥዕል ሸጦ ማትረፍ ላይ የቆመ አይደለም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ትርኢት አዘጋጇ መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ግቢ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፣ ያውም በእጅ የተቀረጸ! የአያቶቻችን የቤት አሠራር እዚያ ክብሩን አግኝቷል። አትክልቱም፣ የልጆች ትምህርት ቤቱም እዚያው ናቸው። ሰው የሚመጣው ሊገዛ ሳይሆን አብሮ ሊውል ነው።

ሥዕል የምትሰበስቡ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላችኋል። ልጅ ካላችሁ ግን ያለ ማመንታት ዞማ ውሰዷቸው።