ላባው ሲረግፍ

«ቶፕ ሃት»ን በዲቪዲ ገዝቼ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አየሁት። እ.ኤ.አ. የ1935 የአሜሪካ የሙዚቃና የዳንስ ፊልም ነው። ታሪኩ አንዱን ሰው ከሌላው የማምታታት ተራ ቀልድ ስለሆነ እሱን እለፉት። እኔን የያዘኝ ዋና ተዋንያኑ፣ ደናሾቹ ፍሬድ አስቴርና ጂንጀር ሮጀርስ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው የሚደንሱበት ቦታ ነው። ካሜራው ከራስ እስከ እግር ያሳያቸዋል፤ ቶሎ ቶሎ አይቆራርጥም። የጂንጀር ቀሚስ በላባ የተሸፈነ ነው፤ ልብ ብላችሁ ካያችሁ ላባው ሲረግፍ ይታያል። እሷ ግን ምን ገዷት! ወደ ኋላ ለጠጥ ስትል ክብደቷን በሙሉ ለእሱ ትጥልበታለች። እሱ ብቻውን ሲደንስ አደንቀዋለሁ፤ እሷ ስትገባ ግን ፍቅር እንደያዘው አምናለሁ። አብረው ከሠሯቸው 10 ፊልሞች ለእኔ ይሄን የሚያህል የለም። የዲቪዲው ማቀፊያ ተሰንጥቆ ነው የደረሰኝ፤ ሻጩም እስካሁን አልቀየረልኝም። ምስሉ ግን ጥርት ያለ ነው።