ወደ ኳስ ሜዳ የመለሰኝ መነጽር

ዓይኔ ከተጎዳ በኋላ ሐኪሜ ኳስ እንድጫወት የፈቀደችልኝ መከላከያ መነጽር አደርጋለሁ ብዬ ቃል ስገባላት ነው። እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ከሰፈር ልጆች ጋር ስንጫወት ያለ እሱ ሜዳ አልገባም።

ጉዳቱ ከቅርብ የተለጋ ኳስ ነው። ከዓይኔ ብሌን ፊት ደም ቋጠረ፤ ሐኪሞቹ ሃይፊማ ይሉታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ እንደገና ሊፈስ ስለሚችል ትራስ ከፍ አድርጌ ተኛሁ። ማጎንበስ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም፣ ሩጫ የለም። ለሕመሙም አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እንዳልነካ ተነገረኝ፤ መድማትን ያባብሳሉ። ከዚያ በፈቃድ፣ ቀስ በቀስ ነው የተመለስኩት። መጀመሪያ እግር ጉዞ፣ ቀጥሎ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ቀላል ሩጫ። ብረት ማንሳት መጨረሻ ላይ መጣ። ትንፋሽን ይዞ ማማጥ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ጭንቅላትን ወደ ታች የሚዘቀዝቅ እንቅስቃሴም እንደዚያው።

ወደ መነጽሩ ልግባ። ሌንሱ ፖሊካርቦኔት ነው። ይህ ፕላስቲክ ሲመታ እንደ መስታወት አይረግፍም። ግን ሌንሱ ብቻውን በቂ አይደለም። ተራ ፍሬም ውስጥ ቢገባ በከባድ ምት ወደ ኋላ ተገፍቶ ዓይን ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ፍሬሙም ለስፖርት የተሠራ መሆን አለበት። ስትገዙ ኤኤስቲኤም ኤፍ803 (ASTM F803) የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ለስፖርት ዓይን መከላከያ የወጣ የአሜሪካ ደረጃ ነው። የዘወትር መነጽራችሁን አድርጋችሁ ኳስ የምትጫወቱ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ ተዉት። ቁጥር ያላችሁ በዚሁ የስፖርት ፍሬም ላይ ቁጥሩን ማሠራት ትችላላችሁ።

ምቾቱን ወድጄዋለሁ። አፍንጫውና ግንባሩ ላይ ለስላሳ ጎማ አለው፣ ከኋላ ደግሞ የሚጠብቅ ማሰሪያ። ቴስታ ስመታ ንቅንቅ አይልም። ጎን ለጎን የሚመጣ ተጫዋችም በደንብ ይታየኛል፤ ይህ ነበር ትልቁ ስጋቴ። ከሁሉ በላይ ግን ኳስ በመጣ ቁጥር ፊቴን ማዞር ቀረልኝ። ከጉዳት የተመለሰ ሰው ይህን ፍርሃት ያውቀዋል፤ ዓይኑ ድኖም ሰውነቱ ይሸሻል።

ችግሩ እንፋሎት ነው። የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ነው፣ ፊት ደግሞ ይሞቃል፣ ሌንሱ ወዲያው ይደበዝዛል። ከጎን አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ቢኖረውም ቆም ባልኩ ቁጥር ይሸፍነኛል። ፀረ እንፋሎት ፈሳሽ ስቀባው ይሻላል፣ ግን እስከ ሁለተኛው አጋማሽ አይዘልቅም። ፖሊካርቦኔት ቶሎ ይጫራል ደግሞ። አቧራ ሜዳ ላይ በማሊያ ጫፍ ከጠረጋችሁት አለቀለት። በውኃና በሳሙና አጥባችሁ በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት።

ሜዳ ላይ መነጽር ማድረግ የሚያሳፍረው ካለ የሆላንዱን ኳስ ተጫዋች ኤድጋር ዳቪድስን ያስታውስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣና የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ፣ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ በመነጽር ነው ትልቁን ኳስ የተጫወተው። ግላኮማ እኔንም ይመለከተኛል። እንዲህ ያለ ምት የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበትን ቦታ ከጎዳ ግፊቱ ከዓመታት በኋላ ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ምርመራዬን አላቋርጥም። ብልጭታ፣ ድንገት የበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚጋርድ ጥላ ያየ ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅ፤ የዚያኑ ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ይሂድ።

ዋጋው ለእኛ ኪስ ቀላል አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ግን ከሽቶና ከጫማ በፊት ይህን አስመጡ። መጠኑ የፊት ስፋት ስለሚጠይቅ አስቀድማችሁ ለኩ። የልጅ መጠንም አለው፤ ለእህቴ ልጅ አዝዣለሁ።