12 ሲደመር 8 = 128 (ደብረ ብርሃን የተማርኩት የፓይተን፣ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ፣ ኮርስ)

ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ያለ ማሰልጠኛ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ጠዋት ነበር የምማረው። ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ የተከለው ሰው አልተሳሳተም፣ ጣቴ ደርቆ ኪቦርዱ ላይ ፊደል እየሳትኩ ነበር። ስመዘገብ ኮምፒውተር ለየብቻ ነው ብለውኝ ስገባ ለሁለት አንድ ሆነ፣ እዚህ ላይ አናደውኛል።

አስተማሪው ልጅ ግን ያስተምራል፣ በእውነት። እኔ እንቁላል ነጋዴ ነኝ፣ ሂሳቤን ራሴ ልስራ ብዬ ነው የገባሁት። ጠዋትና ከሰዓት የሸጥሽውን ተቀብሎ የሚደምር ፕሮግራም ጻፊ አለኝ፣ ጻፍኩ፣ 12 አስገባሁ፣ 8 አስገባሁ፣ 128 አለኝ! ኧረ ተበላሸ ስለው ሳቀና "እትዬ አልተበላሸም፣ አንቺ ቁጥር መስሎሽ ነው እንጂ እሱ የያዘው ጽሑፍ ነው" አለኝ። ለካ ፓይተን በኢንፑት (ከኪቦርድ በሚቀበልበት ትዕዛዝ) የሚገባለትን ሁሉ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ፣ አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ስትሪንግ ደሞ ሲደመር ጎን ለጎን ይገጣጠማል፣ ኢንት የሚባለው ትዕዛዝ ውስጥ ስትከቱት ነው ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ሆኖ 20 የሚላችሁ። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ሁሉንም ኢንት አደረግኩት፣ የደንበኛ ስልክ ሳይቀር፣ የ09 ዜሮዋ ጠፋች። "ስልክ ቁጥር ትደምሪያለሽ እንዴ?" ሲለኝ በቃ ያኔ ገባኝ።

ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዘው) ቀላል ነው፣ ዱቤውን ከፍሏል ወይስ አልከፈለም፣ አለቀ። የቫሪያብል (ዋጋ የምናስቀምጥበት መያዣ) ስም በአማርኛ መስጠት እንደሚቻል ደሞ እዛው ነው ያየሁት፣ እንቁላል = 12 ብላችሁ ጻፉ፣ ፓይተን 3 ይቀበላል።

ፍሎት (ነጥብ ያለው ቁጥር) ላይ ግን አስተማሪው ጥሎኝ ሄደ። 0.1 + 0.2 ስለው 0.30000000000000004 አወጣ፣ ምንድነው ስለው "እሱን እለፊው" አለኝ። ብር የሚቆጥር ሰው እንዴት ነው የሚያልፈው? ቤት ገብቼ ነው የደረስኩበት፣ ኮምፒውተሩ ሁሉን ነገር በ0 እና በ1 ስለሚጽፍ 0.1 ልክ አይመጣለትም፣ እኛም አንድ ሦስተኛን 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው ማለት ነው። አሁን ብሩን በሳንቲም ነው የምይዘው፣ 12.50 ብር 1250 ይሆናል፣ ኢንቲጀር፣ ሰላም።

ከ5 ኮከብ 3.5፣ እንግዲህ ፍሎት ነው። ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጋቢም።